ሽማግሌ የሚያየው ጨለማ

«እሷኮ መብራት አትወድም» የሚለውን ቃል በለጡ በገዛ ጆሮዋ ስትሰማ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነበር። የወንድሟ ሚስት ሥርጉት ሳሎን ተቀምጣ በስልክ ታወራለች፤ በለጡ ወጥ ቤት ቆማ ትናንት የሥርጉት እንግዶች የበሉበትን ሳህን ታጥባለች፤ በመካከላቸው ያለው በር ደግሞ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ገጥሞ አያውቅም። «ኧረ እኛ መች ጠልተን፣ ጋሽ ሰርፀ ይሙቱ! መስመሩን እንቀጥልልሽ ስንላት እሷ ናት እምቢ የምትለው። ከድሮም ጭር ያለ፣ ጨለም ያለ ነገር ነው የምትወደው። አመሏ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አለች ሥርጉት፣ በዚያ ማር በሚንጠባጠብበት ድምፅዋ። ወይ ጉድ! ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ እየዳበሰች አልጋዋን የምትፈልግ ሰው መብራት አትወድም ተባለች። በለጡ ሳህኑን ጥላ ገብታ «መቼ ነው እምቢ ያልኩሽ?» ልትላት አፏ ድረስ መጣላት። ግን ስልኳ እዚያው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተሰክቷል፤ ገና ሠላሳ አራት ፐርሰንት ነው። ስለዚህ ሳህኑን አለቅልቃ ቀጣዩን አነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሲግናል ሰፈር፣ አባታቸው በቀያሽነት ደመወዝ በሠሩት ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪሱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ በለጡ ትልቁ ቤት ከእናቷ ጋር ነበር የምትተኛው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። እማማ ሲያርፉ ታላቅ ወንድሟ አምሃ ሚስቱን ይዞ ከኪራይ ቤት ወደ ትልቁ ቤት ገባ፤ በለጡ «ለጊዜው» ተብላ ወደ ሰርቪሱ ወጣች፣ ሦስት በአራት የሆነች አንዲት ክፍል። አርባው በወጣ በሳምንቱ ከትልቁ ቤት የሚመጣው የመብራት ገመድ ጭስ ጭስ ሸተተና ክፍሏ ድርግም አለ። አምሃ «ይቀየራል፣ ምን ችግር አለው» አላት። ዝናቡ ይለፍ ተባለ፤ ዝናቡ አለፈ። ቆጣሪው አይችልም ተባለ፤ ያው ቆጣሪ ሥርጉት የገዛችውን ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ቻለ። ሥርጉት የምትፈራው ሌላ ነው። ዛሬ መስመር ከገባላት ነገ የራሷን ቆጣሪ ታስገባለች፣ ከነገ ወዲያ በስሟ ወረቀት ይመጣል፣ ከዚያማ ግቢውን እንካፈል ነው። ይኼን ለማንም በአፏ አልተናገረችም፤ ግን አምሃ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጥራ ባለ ቁጥር ራስ ምታቷ ይነሳባታል።

መብራቱ ሲጠፋ ታዲያ በለጡ ያጣችው መብራቱን ብቻ መስሏት ነበር። ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ትልቁ ቤት ትገባለች፤ ከገባች «እግረ መንገድሽን» ይመጣል። እግረ መንገድሽን ይቺን ሽንኩርት ክተፊልኝ። እግረ መንገድሽን ልብሱን ከገመድ ላይ አንሺልኝ። የራሷን አንድ ቀሚስ ለመተኮስ ትሄድና የአምሃን አምስት ሸሚዝ ተኩሳ ትወጣለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልተቆጣትም፣ እንዲያውም ሥርጉት «እህቴ፣ በልጤ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» እያለች ጉንጯን ትስማታለች። ብቻ ቀኑ ያልቃል። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንዳንዴ ማታ ማታ በሻማ ተቀምጣ ዛሬ ለራሴ ምን ሠራሁ ብላ ስታስብ አንድም ነገር አይመጣላትም።

መውጫ የሚመስል አንድ በር ነበራት። ሲፈን የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ መገናኛ አጠገብ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ አላት። የበለጡን የጥልፍ እጅ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ትርፍ የሆነ የኤሌክትሪክ ጥልፍ ማሽን ነበራትና «ቤትሽ ወስደሽ ሥሪበት፣ በሠራሽው ልክ እከፍልሻለሁ። መብራት ብቻ ይኑርሽ» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በለጡ ማሽኑን የት እንደምታስቀምጠው ስታስብ ነው የምታድረው፤ አልጋውን ወደ ጥግ ብትገፋው፣ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ቢሆን፣ በሯን ዘግታ ብትሠራ። በሯን ዘግታ! ይኼን ሐሳብ ለአምሃም ለሥርጉትም ትንፍሽ አላለችም። ሲፈን ሦስት ወር ታገሠቻት። ትናንት ግን «በሌ፣ ነገ ማታ እስከ አንድ ሰዓት ቁርጡን ንገሪኝ። ሠናይት የምትባል የኮተቤ ልጅ በየቀኑ እየመጣች ትለምነኛለች፣ እሷም እናት ናት፣ አንጀቴን በላችው» አለቻት።

በለጡም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሁለት ታክሲ ቀይራ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ እንጦጦ ማርያም ድረስ ሄዳ፣ የቤተሰቡን የንስሐ አባት አባ ወልደ ሐዋርያትን አገኘቻቸው። ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት። «ልጄ፣ በአንድ ወገን ቃል አይፈረድም። እኔና የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሰርፀ እንመጣለን። ሲመሽ ቤትሽ ገብተን ጨለማውን በዓይናችን እናየዋለን፤ ካየን በኋላ አምሃ ከቃላችን አይወጣም» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ አምሃ ከሚስቱ ሌላ የሚፈራው ሰው ቢኖር አባን ነው። ቀኑ ለዛሬ ሐሙስ ተቀጠረ፣ ለአምሃም ተነገረው። እና ሥርጉት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ለጋሽ ሰርፀ ስልክ መደወሏ ለዚህ ነው።

በለጡ ስልኳ ስድሳ ፐርሰንት ሲሞላ ነቅላ ልትወጣ ስትል ሲፈን ደወለች። «ስሚኝ በሌ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ። እንዳለ ይዩት። ጨለማውን አንድ ሰዓት ሙሉ ይቅመሱት፣ እግራቸውን እንቅፋት ይምታው» ብላ ሳቀች። በለጡም ሳቀች። «ምን እነካለሁ ብለሽ ነው? ጭስና ጥቀርሻ ነው ያለኝ» አለቻት፤ የምሯን ነበር።

ግን ክፍሏ ገብታ በሯን ስትዘጋ፣ ክፍሏን በራሷ ዓይን ሳይሆን በአባ ወልደ ሐዋርያት ዓይን አየችው። እኔን! ኮርኒሱ ላይ የክረምቱ ዝናብ የተወው ቡናማ ብልዝ ከአልጋዋ ራስጌ እስከ በሩ ተንጣሏል። ግድግዳው ከከሰል ምድጃውና ከሻማው ብዛት እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ሳህን ላይ የቀለጠ የሻማ ጉቶ፣ መስኮቱ ላይ ጫፉ የተቃጠለ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ከሰል የተሞላ ፌስታል። ካህን የሚገባበት ቤት ነው ይኼ? እማማ ቢያዩ ምን ይላሉ? መጀመሪያ ወለሉን ብቻ ልጥረገው አለች፤ ወለል መጥረግ ምንም ማለት አይደለም። ወለሉ ሲጠረግ ግድግዳው ይብስ አስጠላ፣ በኦሞ አሸችው። ግድግዳው ሲነጣ መጋረጃው አሳፈረ፤ አወረደችውና የእናቷን ነጭ የአልጋ ልብስ ሰቀለችበት። ምድጃውን፣ ከሰሉን፣ የሻማውን ጉቶ፣ የተቃጠለውን መጋረጃ፣ ምስክሮቿን በሙሉ አንድ በአንድ ከአልጋው ሥር ከተተቻቸውና የአልጋውን ልብስ እስከ መሬት ሳበችባቸው። ይኼን ሁሉ ስታደርግ የሲፈን ቃል አልጠፋትም። «ጨለማው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ንጽሕናን ማን ይጠላል» እያለች ለራሷ ትመልስ ነበር።

ስትጨርስ ፋኖሱ ትዝ አላት። ፋኖሱ የአባቷ ነው። አባቷ ለመንገድ ቅየሳ ገጠር ወጥተው ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ የሚያበሩት የካምፕ ፋኖስ፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው። አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ ማንጠልጠያ አለው፤ ሆዱ ውስጥ አራት ትላልቅ የባትሪ ድንጋይ ይውጣል። ስምንቱን ወር ሻማ ሲሰለቻት የምታበራው እሱን ነበር። ብርሃኑ የቀጠነ ሻይ የመሰለ ቢጫ ነው፤ አልጋና በር ለመለየት ያህል ይበቃል። ዛሬ ማታም እሱን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጠው ነበር ሐሳቧ፤ ሽማግሌዎቹ በዚያ ጭላንጭል ተቀምጠው ሁሉንም ይረዱታል። ክዳኑን ስትከፍተው ድንጋዮቹ አብጠው፣ ነጭ ጨው ተፍተው፣ የብረቱን ማያያዣ በልተውታል። አምፖሏም ከሰል መስላለች። አራት ድንጋይ ሰባት መቶ ሃያ ብር ነው፣ ያውም ለአንድ ሳምንት። ግን በድቅድቅ ጨለማ የሰባ ስምንት ዓመት ካህን ቤት ማስገባት ይቻላል? ደጃፏ ላይ ያለችው ደረጃኮ ራሷን በለጡን ስንቴ ጥላታለች። ፋኖሱን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

ሀሚድ ከታክሲ መያዣው ጀርባ፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ሬዲዮና ስልክና የተቃጠለ ምጣድ የሚጠግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ፋኖሱን እያገላበጠ ሲያየው ፊቱ በራ። «እትዬ በለጡ፣ ይኼን ዕቃ ከየት አመጣሽው? ጉድ ነውኮ! ግን አምፖሉን ከየት ላምጣልሽ? እኔ ሳልወለድ ነው የቀረው» አላት። ከዚያ ሳትጠይቀው ሐሳብ ያወጣላት ጀመር። ድንጋዩን እርሺው አላት። የድንጋዩን ቤት ቆርጦ አውጥቶ፣ ከተበላሸ ላፕቶፕ የተረፉ ሦስት ባትሪዎች ያስገባለታል፤ በአምፖሉ ፈንታ ነጥብ ነጥብ መብራት ያለው የኤልኢዲ ሰሌዳ ይገጥምለታል፤ ከጎኑ የስልክ ቻርጀር የሚገባበት ቀዳዳ ያወጣለታል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ማታውን ሙሉ ያበራል። ዘጠኝ መቶ ብር፣ ላንቺ ስምንት መቶ። በለጡ የድንጋዩን ዋጋ አሰበች፤ ልዩነቱ ሰማንያ ብር ነው። «ሥራው» አለችው።

ሀሚድ በጋለ ብረት እርሳስ እያቀለጠ ሽቦ ሲያጣብቅ ቆማ አየችው። ከዚያ ሁለት ሰሌዳ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠላት። አንዷ ትንሽ ናት፣ ስድስት ነጥብ ብቻ ያላት፣ ከሕፃናት መኝታ መብራት የወጣች። ሌላው ሰፊ ነው፣ ሃያ አራት ነጥብ ያለው፣ ከተሰበረ የሱቅ መብራት የተገኘ። «ዋጋው ያው ነው። ለስለስ ያለው ይሁን ደማቁ?» አላት። በለጡ ሁለቱንም አየቻቸው። ሲፈን ትዝ አለቻት፣ እንዳትነኪ ያለቻት። ትንሿ ትበቃለች፤ ትንሿ ከቢጫው አምፖል ብዙም አትሻል። ግን አባ ወልደ ሐዋርያት ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዱ በሞራ ተሸፍኗል፣ ደረጃዋም አለች። ጋሽ ሰርፀም ሄደው «በለጡ ቤት ዳቦውን በዳበሳ በላን» ብለው እድር ላይ ቢያወሩስ? የማን ልጅ ናት ይባላል? «ደማቁ ይሁን» አለችው። በቃ፣ ከአፏ ወጣ። ሀሚድ ሰሌዳውን ገጥሞ ሲያበራው ፀሐዩ ውስጥ ምንም አልመሰለም፣ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ በለጡ ዳቦና አንድ ኪሎ ብርቱካን ልትገዛ ቸኩላ ነበር። እሷ ገዝታ እስክትመለስ እሱ ቻርጅ አድርጎ ጠበቃት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ መጀመሪያ የገቡት ትልቁ ቤት ነው። በለጡ ክፍሏ ተቀምጣ የሳህን ድምፅ፣ የጋሽ ሰርፀን ሳል፣ የሥርጉትን «ኧረ አልበሉም፣ በሞቴ ይቺን ብቻ» ሰማች። ከጎረቤት የተዋሰቻቸውን ሁለት ወንበሮች ለሦስተኛ ጊዜ አስተካከለች። ዳቦውን ቆርሳ ሸፈነችው። ውጭ ሰማዩ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ክፍሏ ውስጥ የራሷ እጅ እስኪጠፋት ድረስ። ይኼን ጨለማ ነው የሚያዩት፤ ይኼ ነው የኔ ኑሮ፣ ስትል አሰበች። ግቢው ላይ የእግር ኮቴ ሲመጣ፣ የአባ መቋሚያ ድንጋዩን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ፣ «ደረጃዋን፣ አባ፣ ደረጃዋን!» ብላ ዘላ ተነሳችና ፋኖሱን አበራችው።

እንዴ! ክፍሉ ቀን ሆነ። ነጭ ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ ሞላ፤ የታሸው ግድግዳ አበራ፣ የእናቷ አልጋ ልብስ በረዶ መሰለ፣ ብርቱካኑ ሳህን ላይ አንድ በአንድ ተለይቶ ታየ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ በለጡ ደስ አላት። ከስምንት ወር በኋላ ክፍሏን ማታ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ቤት ነውኮ! እንግዳ የሚቀበል፣ ደህና የደህና ሰው ቤት! «ግቡ፣ አባ ይግቡ፣ ጋሽ ሰርፀ እዚህ ይቀመጡ» ስትል ጉንጯ ሁሉ ስቋል። ምን እንደሠራች የገባት ሥርጉት ከኋላ «ወይኔ በልጤ፣ ሠርግ ቤት አስመሰልሽውኮ!» ስትል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቶሎ ሆነ። አባ ወልደ ሐዋርያት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና ኮርኒሱን፣ ግድግዳውን፣ ፋኖሱን አዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ እንጦጦ ላይ መብራት ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ዳዊቴን የምደግመው በጧፍ ነው» አሉ፤ አነጋገራቸው ውስጥ ምንም ክፋት የለም፣ የደከመ ሰው እውነት ብቻ። ጋሽ ሰርፀ አርባ ዓመት ማዘጋጃ ቤት የሠሩ ሰው ናቸውና ነገር ሳያጣሩ አይናገሩም። ከኮታቸው ኪስ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ፣ ካርቶኑ ላይ ያለችውን እንደ ጉንዳን የደቀቀች ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ማንበብ ይቻላል» አሉ፣ መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍሩት ሁሉ።

«አባ፣ ይኼኮ ዛሬ ነው የተሠራው» አለች በለጡ። «እስከ ትናንት በሻማ ነበርኩ። እናንተ እንዳትወድቁብኝ ብዬ ነው። እሱም ቢሆን ቻርጅ ይፈልጋል።»

«ቻርጅ ምን ይከብዳል?» አለ አምሃ። ከገባ ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አሁን ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል። በለጡ ይኼን ዓይን ታውቀዋለች፣ የውሸት እንዳልሆነም ታውቃለች። «ጠዋት ጠዋት ታምጣው፣ እኛ ጋ ይሰካ፣ ማታ ትውሰደው። የአባባን ፋኖስ እንደዚህ አሳምራ ስታሠራው እኔ ወንድሟ ልከለክላት ነው? ገመዱም ቢሆን እኮ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው፣ አባ። እሷን አንድ ነገር ቢያገኛት እማማን በሰማይ ቤት ምን ብዬ አያቸዋለሁ?»

በለጡ ወደ አልጋዋ ሥር አየች። ሁሉም እዚያ አለ፤ ምድጃው፣ ከሰሉ፣ የስምንት ወር የሻማ ጉቶ፣ የተቃጠለው መጋረጃ። ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ ብትገልጠው ያበቃል። ግን እንዴት ነው ጥቀርሻ የጠጣ ምድጃ ካህን ፊት፣ በተቆረሰ ዳቦ አጠገብ፣ ጎትተው የሚያወጡት? ደበቀችው ይሏታል። ለምን ደበቅሽ ብለው ቢጠይቋትስ መልሱ ምንድን ነው? እጇ ቀሚሷን ጨበጠ፣ ለቀቀ። መጨረሻ ላይ ሌላ የቀራት ነገር ስላልነበረ፣ ሦስት ወር ያልተነፈሰችውን ተነፈሰችው። «ማሽን አለኝ» አለች። «የጥልፍ ማሽን። ሲፈን ልትሰጠኝ ነው። በፋኖስ አይሠራም፣ መስመር ይፈልጋል። ለራሴ እንድሠራ ነው መብራቱን የጠየቅኩት እንጂ ለማየት አይደለም።»

አምሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይመስል ትኩር ብሎ አያት። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ?» አለ፤ ከልቡ ነው የተከፋው። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ፈካ። «እና ለዚህ ነው ሽማግሌ የሰበሰብሽው? አንቺ ሞኝ! ማሽኑን አምጪና ሳሎን አስቀምጪው! ሳሎኑ ሰፊ፣ መብራቱ ሙሉ፣ ማን ከለከለሽ?» ሥርጉት ባሏን አየት አደረገችና ወዲያው ተቀበለችው፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። «አዎ እንጂ! በመስኮቱ በኩል ይሁን። እኔም ብቻዬን ነው የምውለው፣ እየተጫወትን ትሠሪያለሽ። የጎረቤቱን ቀሚስ እኔ አመጣልሻለሁ፣ ሒሳቡንም እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ እንደሆንሽ ሰው መጠየቅ አታውቂበት» አለች። በለጡ ማሽኑ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ታያት። እግረ መንገድሽን የሚለው ድምፅ ሁለት ሜትር ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

«ይኸው!» አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ሁለት እጃቸውን አንሥተው። «እኛ ለፍርድ መጣን፤ ፍቅር ቀድሞን ጠበቀን። ልጄ፣ ብርሃን አለሽ፣ ወንድም አለሽ፣ ሥራ አለሽ። መስመሩ ቀስ ተብሎ ይታሰብበታል። በሉ ተነሡ፣ ይቅር ተባባሉ።» ጋሽ ሰርፀ መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። እንግዲህ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ ካህን ይቅር ተባባሉ ብሎ፣ «አይ፣ አልታረቅም» የሚል ሰው ማን አለ? በለጡ ጎንበስ ብላ የወንድሟን ጉልበት ልትስም ስትል አምሃ ከመንገድ አነሣትና አቀፋት፣ እየተንሰቀሰቀ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። አባ መረቁ። እርጅናዋን ያሳምርላት፣ ወንድሟን ያኑርላት፣ ከዚህ ቤት አይለያት አሉ። «አሜን» አለ ሁሉም። በለጡም «አሜን» አለች፤ ከሁሉም በኋላ፣ ግን አለች።

ዳቦው ተበላ፣ ብርቱካኑ ተላጠ፣ ሽማግሌዎቹ ለመሄድ ተነሡ። «ደረጃው እንዳይጥላቸው እኔ ላብራላቸው» አለችና ሥርጉት ፋኖሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቀደመች። ብርሃኑ ከበሩ ወጣ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ የባሕር ዛፉን አጥር አንድ ጊዜ አነጣው። የግቢው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። «በልጤ፣ እግረ መንገዴን ይዤው ልግባ፣ ለነገ እንዲሰካ!» አለች ሥርጉት ከሩቅ። ከዚያ የትልቁ ቤት በር ተዘጋ። በለጡ ወንበሮቹ መካከል እንደቆመች ቀረች። ወደ አልጋዋ ስትሄድ ጉልበቷን የአንዱ ወንበር ጫፍ መታት፤ አልጮኸችም፣ ዳብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን ስታወጣ አንድ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረዋል።

ሲፈን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ አነሣችው። «በሌ! ልቤ ወልቆ ስጠብቅሽ! እሺ፣ ምን ተባለ?»

«ሲፈንዬ፣ ማሽኑን ለሠናይት ስጫት።»

«እንዴ! ምን ሆንሽ? ጨለማውን አላዩትም? ፈረዱብሽ እንዴ?»

«ኧረ አልፈረዱብኝም» አለች በለጡ። «አስታረቁን።»